የጊዮርጊስ ቮልስ

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1972 ዓ.ም.

ገለባውን በመንሽ ገፈፉት። ፈቃድ የጠየቀኝ የለም። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አለኸኝ ሁለት አብዮት ጠባቂ አስከትሎ ገባና፣ «እስቲ ያቺ ቮልስ ትታይ» አለ። ለማን ነው የሚናገረው? በቤቱ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔን ደግሞ ዞር ብሎም አላየኝም።

ገለባው ሲነሳ ብቅ አለች። ሰማያዊ፣ አንድ ጭረት የሌላት። አንዱ ጠባቂ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ትናንት ከፋብሪካ የወጣች ነው የምትመስል!»

ያያት ሰው ሁሉ ይህንኑ ይላል። መስማት አልፈልግም።

ባሌ ይርዳው ከመንገድ ሥራ ፈረንጅ ላይ ነው የገዛት። ያኔም አሮጌ ነበረች። ከመጀመሪያዎቹ ናት፤ የኋላ መስኮቷ እንደ እንቁላል ሞላላና ትንሽ ነው፣ ፍሬቻዋ ከጎኗ እንደ ጫጩት ክንፍ ብቅ ይላል። ይርዳው ድሬሰር ነበር። የቢቸና ሰው ግማሹ በእሱ መርፌ ነው የዳነ፤ ሊቀመንበሩም ጭምር።

«ሚያዝያ 23 የወዛደሮች ቀን ነው» አለ አለኸኝ። «ሰልፉን በዚህች እንመራለን። ከዚያ በኋላ ለማኅበሩ ሥራ ትሆናለች።»

«ሸጬ ጣሪያዬን ላሠራባት ነው» አልኩ።

«ኧረ? ደግሞ ነጋዴ ሆንሽ? ቁልፏስ?»

«የላትም። ያኔ ቤቱን የፈተሹ ሰዎች ወሰዱት።»

«ግድ የለም፤ ሽቦ እናገናኛለን።»

ይሄኔ ከአጥሩ በኩል ሌላ ድምፅ መጣ። የይርዳው ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ ስማቸው፣ አጥሩን ተደግፎ ሲያይ ቆይቷል። «ሽቦዋ አይነካም» አለ። «ቁልፍ ተፈልጎ ይገኛል።» ይህን ሲል የሚያየው ሊቀመንበሩን ሳይሆን እኔን ነው።

ምን አገባው! ከወንድሙ ተዝካር ወዲህ ደጄን ረግጦ አያውቅም። ዛሬ የንብረት ሽታ ጠራው።

አሥር ቀን አለኝ። የሞጣው ነጋዴ ሐጅ ሰይድ ረቡዕ መጥቼ አያታለሁ ብለው ልከውብኛል። ለእሳቸው እሸጣለሁ። ለእነዚህ ከምትሆን ትቃጠል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ንዴቴ አልበረደም። ገለባውን መልሼ አለበስኳት። እጄ ሲሠራ አፌ ሲራገም ዋለ።

እንዲህ ነው የጠበቅኳት፦

ጎማዎቿ መሬት እንዳይነኩ አራት ድንጋይ ላይ አስቀምጫታለሁ።
ለአይጥ ናፍታሊን፣ በየወንበሩ ሥር።
የበሮቿን ላስቲክ በቫዝሊን።
የሚያብረቀርቀውን ብረት በአመድና በሎሚ።
በየወሩ ገለባውን ገልጦ ማናፈስ፤ ክረምት ሲሆን በየሳምንቱ።

ስጽፈው ራሴው ተናደድኩ። የዚህን ሩብ ያህል ለሰው ተደርጎለት ቢሆን።

የምጽፍበት ደብተር የይርዳው የመድኃኒት መዝገብ ነው። ማንበብ የተማርኩት እሱ በየብልቃጡ ላይ ከሚለጥፋት ቁራጭ ወረቀት ነው። አስተማሪ አልነበረኝም። መጀመሪያ ያነበብኳት ነገር «በቀን ሦስት ጊዜ» የምትል ናት። ቀጥሎ «ከልጆች ይራቅ»። ከዚያ ወዲያ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፣ የስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ እንኳ አይቀረኝም። ማንበቤን የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። የሚጠይቀኝ ስለሌለ አልነገርኩም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

ሐጅ ሰይድ በጠዋቱ አውቶቡስ መካኒክ ይዘው መጡ። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ቮልሷን ሦስት ጊዜ ዞሯት።

«ይቺን መኪና ድመት ነው እንዴ የላሰቻት?» አሉ።

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ።

«ለምን ፈለጓት፣ ሐጅ?»

«ባለቤቴ ጉልበቷን ታማለች። በበቅሎ አልወጣም አለች። አውቶቡስ ያጥወለውላታል። እንግዲያው እዘለኝ ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ወገቤ አይችላትም።»

መካኒኩ ከኋላ ሞተሩን ከፍቶ አየ። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ሰው አልነካትም» አለ። «እንዲህ ያለች ሁለተኛ አላይም።» ባትሪ አምጥቶ ኖሯል። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ፤ «እትዬ፣ ቁልፍ?»

የለም አልኩ። ያንኑ ውሸት። ልማድ ሆኖ ሳያደናቅፈኝ ወጣ።

መካኒኩ በሽቦ ላስነሳት ሲል ሐጅ ከለከሉት። «እንደ ሌባ ጎርጉሬ የማስነሳት መኪና ላይ ባለቤቴን አላሳፍርም። እህቴ አንጓች፣ ዋጋሽን አልቀንስም፤ ያልሽውን እከፍላለሁ። ቁልፉን ፈልጊ። ቤት ውስጥ የጠፋ ነገር ቤት ውስጥ ነው። እሑድ እመለሳለሁ።»

ሁሉም ቁልፍ ቁልፍ ይለኛል!

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

ይህን ገጽ ቀድጄ አቃጥለው ይሆናል። ለጊዜው ግን ልጻፈው።

ቁልፉ አለ። ጤፍ ጎታው ውስጥ፣ ከታች።

ይርዳው በ1967 ታሰረ። ጥፋቱ መኪና መያዙ ነበር። አብረውት ከታሰሩት ሁለቱ ሳይመለሱ ሲቀሩ ጊዮርጊስ ደጅ ሄጄ ወደቅሁ። «ሰውየውን በሕይወት ካወጣህልኝ ቮልሷ ያንተ ናት» ብዬ ተሳልኩ። ለማንም አልነገርኩም። በስምንተኛው ወር ወጣ። ከስቶ ነበር፣ ግን በእግሩ ነው የመጣ።

ስለቴን ላደርስ ስነሳ አፌ ተሳሰረ። ገና ከእስር የወጣን ሰው «መኪናህን ሰጥቼብሃለሁ» ይባላል? ዛሬ ነገ አልኩ። ሲነዳት ማየትም ፈራሁ። የሰማዕቱ ናት፣ ብንነካት ይቀሥፈናል ብዬ። ስለዚህ ቁልፉን በጨርቅ ቋጥሬ ጎታው ውስጥ ቀበርኩና «ፈታሾቹ ወሰዱት» አልኩት። «እሰይ» አለ ይርዳው፤ «ካንገቴ ላይ ወረደች።» ለጊዮርጊስ አልሰጠሁ፣ ለባሌ አልሰጠሁ። ሁለቱንም ዋሸሁ።

በ1969 ነሐሴ ሆዱን ታመመ። ሲያክም የኖረ ሰው ነውና ራሱ አወቀው፤ «ይህ ክኒን አይደለም የሚፈልገው፣ ቀዶ ጥገና ነው» አለ። ዝናቡ አውቶቡሱን አስቀርቶታል። ቮልሷ ግን ጭቃ ትደፍር ነበር፤ ባትሪዋ ቢደክም በግፊ ትነሳለች። ስማቸው መንዳት ያውቃል፣ የሽቦ ነገር ግን አያውቅም። ሲታገላት ቆይቶ እያለቀሰ ተዋት። በቃሬዛ አነሱት፣ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ይገኝ ይሆናል ብለው ወደ ደጀን።

በገለባው ቤት በኩል ሲያልፉ ይርዳው ቀና ብሎ አያት። «ያቺ ቁልፍ ብትኖር» አለ።

ጎታው ከኋላዬ ሠላሳ እርምጃ ነው። ብናገር ሰማዕቱ ይገድለዋል ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ገደልኩት። ሁለት ሰዓት ሳንሄድ አለፈ።

ለዚህ ነው እንዲያ ያማረችው። ማንም ስላልተጠቀመባት ነው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 17

ወራዶች!

አለኸኝ በጠዋት ወረቀትና የጣት ቀለም ይዞ መጣ። «ምንም አይደለም እትዬ፣ የመኪና ምዝገባ ነው። ሁሉም ንብረት ይመዘገባል። እዚህ ጋ አውራ ጣትሽን።»

ወረቀቱን ተቀበልኩት። ቀለሙን ወደ እጄ ሲያስጠጋ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፦ «እኔ ወይዘሮ አንጓች፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ቮልስዋገን መኪናዬን ለማኅበሩ በነፃ ያበረከትኩ መሆኔን…»

ፊቱ ሲለዋወጥ ማየት ነበር።

«ማን አስተማረሽ?»

«የአንተ የትል መድኃኒት ብልቃጥ» አልኩት። «በቀን ሦስት ጊዜ ይል ነበር።»

አብሮት የመጣው ጠባቂ ሳቁን በሳል አፈነ። ይህ ደስታዬ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ከታች ያለውን አነበብኩ። ምስክር፦ ስማቸው። ፊርማው ገና አልደረቀም።

አለኸኝ እየተቆጣ ወጣ። «ፈረምሽም አልፈረምሽም በ23 ሰልፉ ላይ ናት» አለ ከበር።

የስማቸው ግን አንገበገበኝ። ደጁ ሄድኩ። ከፊቱ ቆሜ፣ «የወንድምህን ንብረት ፈርመህ ሰጠህ?» አልኩት። ለዶማው የእንጨት ዛቢያ እየከተተ ነበር። ቀናም አላለ።

«ከዓይኔ ትጥፋልኝ» አለ። «ለማንም ትሁን።»

«ሸጬ እንዳልበላ ነው ምቀኝነትህ!»

«እቴ አንጓች፣ ሂጂ። ሂጂ ከደጄ፤ ክፉ አታናግሪኝ።»

የይርዳው ወንድም እንዲህ ዝቅ ይበል?

እሑድ፣ ሚያዝያ 19

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ እጄን እስከ ብብቴ ልሰድ ጎታው ላይ አጎነበስኩ። እንደዚያ መልፋት አላስፈለገኝም፤ ክንዴ ሳይሰጥም አገኘሁት። እኔ ከወለሉ ነበር የቀበርኩት። ቋጠሮውም ሁለት ነው። አንድ ጊዜ የቋጠርኩ ይመስለኝ ነበር። ሰው በፍርሃት የሠራውን አያስታውስም።

አስቤ የነበረው ይህ ነው፦ ለሐጅ እሸጣለሁ፣ በግማሹ ጣሪያዬን አሠራለሁ፣ ግማሹን ለጊዮርጊስ አስገባለሁ። ከሰማዕት ጋር እኩል ልካፈል። ሳስበው ልክ መስሎኝ ነበር።

ሐጅ ቁልፉን ሲያዩ ፈገግ አሉ። «አላልኩሽም? የት ነበር?»

ሌላ ውሸት ተዘጋጅቶ ነበር። አልወጣ አለኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ለነፍስ አባቴ ያልነገርኩትን ለሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ተናገርኩ። ምናልባት ነገ አውቶቡስ ተሳፍረው ስለሚሄዱ ይሆናል።

ቁልፉ በመዳፋቸው እንዳለ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ቁልፉን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ካንቺ አልገዛም።»

«ዋጋው በዛ?»

«ዋጋው አይደለም። መኪናዋ ያንቺ አይደለችም፤ አማና ናት፣ አደራ። እኔ ደግሞ ከባለቤቱ ነው የምገዛው።»

«ባለቤቱ እኮ ጊዮርጊስ ነው፣ ሐጅ!»

«ታዲያ ከእሱ እገዛለኋ። በክብረ በዓሉ የስለት ዕቃ ትጫረቱ የለም?» ባርኔጣቸውን አነሱ። «በ23 እመጣለሁ።»

ሰው ተናዶ የሚያለቅስበት ጊዜ አለ። ይሄ እስላም ስለ ሃይማኖቴ ሊያስተምረኝ? ብዬ ተናደድኩ። ሲመሽ ግን ያናደደኝ እውነት መናገራቸው እንደሆነ ገባኝ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አባ ክንፈ ጆሯቸው ደክሟል፤ ንስሐዬን ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት። ቆሎ ተማሪዎቹን አርቀው አስቀመጧቸው።

ይቈጡኛል ብዬ ስጠብቅ ሌላ ነገር አመጡ።

«ልጄ፣ ሰማዕቱ ምን አለው?»

«ፈረስ።»

«ነጭ ፈረስ አለው። ያንቺን መኪና ለምን ይፈልጋታል? በዚያች ቀን ሰውየውን ጭነሽ ብትከንፊ ሊቀየምሽ ነው? ፈረሱን ባዋሰሽ ነበር እኮ!»

በሦስት ዓመት ከሰማሁት ሁሉ ይህ ነው የጎዳኝ። ጊዮርጊስን እንደ አለኸኝ ቈጥሬው ኖሬአለሁ ለካ። ወረቀት ይዞ በር የሚያንኳኳ።

«አሁንስ ምን ላድርግ?»

«ስለት ስለት ነው፤ አስገቢ። ግማሽ የለም። ቁልፉንም በሰው ፊት አምጪ።»

«ስማቸው ያየዋል፣ አባቴ። የወንድሙን ቃሬዛ የተሸከመ ነው።»

«ይይ» አሉ። መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

አባ ክንፈ ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ሰዎች ላኩ። ድንጋዮቹን አወጡ፣ ጎማዎቹን ነፉ፣ መግፋት ጀመሩ። ነገሩ በመንደሩ ሲሰማ ሴቱ ሁሉ እልል እያለ ወጣ። የድሬሰሩ ሚስት ቮልሷን ለጊዮርጊስ አስገባች!

አለኸኝ ገበያው ጥግ ላይ ደረሰብን። እጁን ዘርግቶ ቆመ። «ቁሙ! በማን ትዕዛዝ ነው? ይቺ መኪና ለነገው ሰልፍ ተይዛለች!»

ከኋላ የምትገፋ አንዲት አሮጊት ቀና አለች። እናቱ ናቸው፣ እማማ ዘውዴ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው።

«ማነው ቁሙ ባዩ?»

«እማማ፣ እርስዎ ደግሞ እዚህ ምን ያደርጋሉ? ይውጡ!»

«አንተ ውጣ! አንቀጥቅጦህ ልትሞት ስትል ይርዳው በዚህች መኪና ነው ሞጣ የወሰደህ። ወንበሯ ላይ አስታውከህባታል። ዞር በል፣ ወይ ግፋ!»

ሰው በሳቅ ፈነዳ። አለኸኝ ግራ ቀኙን አየ። አልገፋም፤ ግን ዞር አለ። ለአሥር ቀን የተናደድኩበት ሰው በዚያች ሰዓት አሳዘነኝ። ለጥቂት ብቻ።

ስማቸው በሰዉ መሃል አልነበረም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

እግሬ አብጧል፤ በአጭሩ ልጻፍ።

ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ እንደተቀመጠ ስለቶቹ ወጡ። መጀመሪያ ጃንጥላዎች፣ ከዚያ ሁለት በግ፣ አንድ ወይፈን። ከዚያ ገበዙ ቮልሷን በመቋሚያ ጠቆመ። «ለሰማዕቱ የገባች! ማን ይጨምር?» ከወዲያ ሜዳ የወዛደሮች ቀን መፈክር በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ሰልፉን አለኸኝ በእግሩ መርቷል አሉ።

ባለ ሆቴሏ ጀመረች። የጤፍ ነጋዴው ጨመረ። ከበሩ ውጭ ከዛፉ ሥር ሐጅ ሰይድ እጃቸውን አነሱ።

«ሐጅ፣ ለጊዮርጊስ ነው እኮ!» አለ አንዱ ቀልደኛ።

«ምን አለበት? የሞጣው ጊዮርጊስም ጎረቤቴ ነው» አሉ። ሰዉ እንደ ጉድ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ማንም አልበለጣቸውም።

አባ ክንፈ ጠሩኝ። ቁልፉን አውጥቼ በሁሉ ፊት አስረከብኳቸው። «ቁልፍ የለም አላለችም?» የሚል ሹክሹክታ ከሴቶቹ በኩል ሰማሁ። ቀና ስል ስማቸው ከደጀ ሰላሙ ቆሞ ቁልፉን ያያል። እኔን አይደለም።

መካኒኩ ባትሪ አገባ፣ ቤንዚን ቀየረ። ዳዊት ሊደገም የሚችል ያህል ጊዜ ለፋ። ከዚያ ሳለች፣ ጨሰች፣ ተነሳች። ድምፁ! ይርዳው ከሥራ ሲገባ የምሰማው ያው ድምፅ። ጆሮዬን ያዝኩ።

መካኒኩ ሞጣ ድረስ ለመንዳት መንጃ ፈቃድ የለኝም አለ። ሐጅ ዙሪያውን አዩ። «መንዳት የሚችል የለም?»

ስማቸው ወደፊት መጣ፤ መካኒኩ ሞተሩን ሲያጠፋ ቁልፉን ተቀበለው። ቁልፉን በመዳፉ ይዞ ትንሽ አገላበጠው፤ ቀዳዳው ውስጥ የጤፍ ፍሬ ተሰክታ ነበር። በጥፍሩ አወጣት። ገባ፣ አስነሳ፣ ነዳ። ያቺ የእንቁላል መስኮት ከዓይኔ እስክትጠፋ ቆምኩ።

አሁን ያውቃል። ይመለስና ይግደለኝ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

ትናንት ቀኑን ሙሉ በሩን አየሁ። አልመጣም። ሌሊት ዝናብ ጣለ፤ ጣሪያው በሦስት ቦታ አፈሰሰ። ሳፋ፣ ገንቦ፣ ድስት ደቀንኩ።

ዛሬ ከአውቶቡስ ወርዶ ቀጥታ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆመ። ግባ አልኩት፤ አልገባም።

«በደኅና ደረሰች» አለ። «የሐጅ ሚስት ገና ሳልወርድ ገብታ ተቀመጠች። አልወርድም አለች።»

«ስማቸው» አልኩ፣ «ቁልፉ ጎታ ውስጥ ነበር። እኔ ነኝ የደበቅሁት። ያን ቀን…»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ? ሐሙስ?»

«ለተዝካሩ ጤፍ የሰፈረው ማን ነበር?»

«አንቺ ሐዘን ላይ ተቀምጠሽ» አለ፣ «እኔ ጎታውን አራገፍኩ። ጨርቁ ከነቁልፉ እጄ ላይ ወደቀ። መልሼ ቋጠርኩት፣ ጤፍ ጨመርኩበት፣ ከድኜው ወጣሁ።»

ሁለተኛው ቋጠሮ የእሱ ነው። እኔ ከተዝካሩ ማግስት ገብቼ ጨርቁን በችኮላ ዳብሼ፣ ማንም አላየውም ብዬ ተመስገን ብያለሁ።

«ሦስት ዓመት!» ጮህኩበት። ሊጮህብኝ የሚገባው እሱ ነበር፣ ግን እኔ ጮህኩ። «ሦስት ዓመት እያወቅህ! ለምን አልተናገርክም? ለምን በሰው ፊት አላዋረድከኝም?»

«ራስሽ ታወጪዋለሽ ብዬ። አላወጣሽውም።» የበሩን መቃን ያዘ። «ሲሰለቸኝ ያን ወረቀት ፈረምኩ። ለማንም ትሁን፣ ከዓይኔ ትሂድ ብዬ። አሁን አወጣሽው። እኔ ግን እስከ አሁን አልበረደልኝም፣ እቴ። እንዳይመስልሽ።»

«አይብረድልህ» አልኩ።

ለመሄድ ዞሮ ቆመ። በእኔ ትከሻ ላይ ወደ ውስጥ አየ፤ ሳፋውን፣ ገንቦውን፣ ድስቱን።

«በስንት ቦታ ነው የሚያፈስ?»

«በሦስት።»

«ሰኞ መሰላል ይዤ እመጣለሁ» አለና ሄደ። እጅ አልነሳኝም።

ላይመጣም ይችላል። ሳፋውን አላነሳሁም። ነገር ግን የይርዳውን አሮጌ መዶሻ ፈልጌ፣ ዛቢያው ስለላላ እንጨቱ አብጦ እንዲጠብቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ በር ላይ አስቀምጬዋለሁ።